ምዕራፍ አራት፦ ከማዕረጉ በፊት ቀኑን ማየት

ልጅን «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ የቆየ ልማዳችን ነው። ልጁ «ዶክተር» ወይም «ፓይለት» ይላል፤ እንግዳው ይመርቃል፣ እናት ደስ ይላታል። ለልጅ ጥያቄው አይከፋም። የሚያሳስበኝ ሃያም ሠላሳም ዓመት ከሞላን በኋላ ግባችንን በዚያው አኳኋን በማዕረግ ስም ብቻ መናገራችን ነው። ሥራ አስኪያጅ፣ ኢንጂነር፣ የራሱ ድርጅት ባለቤት እንላለን። ማዕረጉ ግን በቢዝነስ ካርድና በሠርግ ጥሪ ላይ የሚጻፍ ነው። የምንኖረው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ሥራ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፍሬሽማን ኮርስ ጨርሰው ዲፓርትመንት የሚመርጡበትን ሰሞን ያስቡ። የዶርሙ ወሬ ሁሉ «ሥራ ያለው የትኛው ነው?» እና «ውጤቴ ለየትኛው ይበቃል?» ነው። ሁለቱም ሊጠየቁ ይገባል፤ ሥራ የሌለው ሙያ ማንንም አያበላም። ነገር ግን «ሲቪል ኢንጂነር ጠዋት ተነስቶ ምን ሲሠራ ይውላል?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ሳይት ላይ ያለ ኢንጂነር ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደገባና ስንቱ እንደወጣ ይቆጣጠራል። የፌሮው ውፍረት ከፕላኑ ጋር አልገጠመም ብሎ ከፎርማኑ ጋር ይከራከራል። የሶሌታ ሙሌት ከተጀመረ በመሐል ማቆም ስለማይቻል እስከ እኩለ ሌሊት ይቆማል፤ በማግስቱ ደግሞ የክፍያ ሰነድ ያዘጋጃል። መንገድ ሥራ ላይ ከሆነ ከቤተሰቡ ርቆ ወራት በካምፕ ይኖራል። ይህን ሲሰማ ዓይኑ የሚበራ ወጣት አለ፤ እሱ ሳይዘገይ ይግባበት። ፊቱ የሚጨልምበት ደግሞ አራት ዓመት ከመድከሙ በፊት ቢያውቀው ለእሱም ለወላጆቹም ይሻላል።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ገና ስድስት ዓመት የሆናት አገር ባለሙያ ትፈልግ ነበርና አደራው ከባድ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ግን የሥዕል ተሰጥኦአቸው ጎልቶ ወጣ፤ ለንደን በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ቀጥሎም በታዋቂው ስሌድ ተማሩ። በኋላም በአውሮፓ እየተዘዋወሩ የባለቀለም መስታወትን ጥበብ አጠኑ። አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳየው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ የእሳቸው ነው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «ልብህ ያለህን ብቻ ስማ» የሚል ምክር ያወጣበታል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ለማዕድን ትምህርት በላካቸው አደራ ውስጥ ዋናው ነገር አገርን በሠለጠነ ሙያ ማገልገል ነበር፤ ያ አልተጣለም። የተቀየረው መንገዱ ነው። ግባችንን ስንመረምር መለየት የሚገባን ይህንኑ ነው፤ የትኛው ግብ ነው፣ የትኛውስ ወደ ግቡ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ?

ይህን ለመለየት ማሰብ ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር የነበረው ኤድጋር ሻይን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማኔጅመንት የተማሩ 44 ሰዎችን አነጋግሮ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ፈለጋቸው። የሄዱበት መንገድ የየቅል ሆኖ አገኘው። ለውሳኔዎቻቸው የሚሰጡት ምክንያት ግን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ ይመለስ ነበር። አንዱ በራሱ መንገድ ካልሠራ አይሆንለትም፤ ሌላው ዋስትና ያለው ኑሮ ይፈልጋል፤ ሌላው በሙያው ጠልቆ መግባትን ከሹመት ያስበልጣል። ሻይን ይህን የማይለቀቅ ነገር የሙያ መልሕቅ አለው። ሰው መልሕቁን የሚያውቀው ሠርቶ፣ ተሳክቶለትም ተቸግሮም ነው። ስለዚህ የሃያ ዓመት ወጣት «ገና ራሴን አላወቅሁም» ብሎ መጨነቅ የለበትም። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ግን ማስረጃው በእጁ ነው፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ብቻ ነው የቀረው።

አንዲት የማውቃት የባንክ ሠራተኛ ለዓመታት ግቧ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደብተር አውጥታ ባለፉት ዓመታት ድካሙ ያልተሰማትን ቀናት ጻፈች። አብዛኞቹ አዲስ ለተቀጠሩ ልጆች ሥራ ያሳየችባቸው ቀናት ነበሩ። ማታ ካሽ አልመጣጠን ብሎት ላቡ በፊቱ የሚወርድ ጀማሪ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አብራው እያገላበጠች ልዩነቱ የተፈጠረበትን ቦታ እንዲያገኘው ስታደርግ፣ መሽቶባት እንኳ አይታወቃትም። የሥራ አስኪያጇ ቀን ግን በአብዛኛው ደንበኛ ፍለጋና ተቀማጭ ማሰባሰብ ነበር። ዛሬ የምትወዳደረው ለሥልጠና ክፍል ነው።

ስለ ግል ግብ የሚጻፉ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ብቻችንን አይደለንም። ታናናሾቹን የሚያስተምር የበኩር ልጅ አለ፤ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሆና ለወላጆቿ ቤት የምታሠራ አለች። እነዚህን «የራሳችሁን ሕይወት ኑሩ» ማለት ግፍ ነው። ቤተሰብን መደገፍ እውነተኛ ግብ ነው፤ እንደማንኛውም ግብ መጠንና ጊዜ ተሰጥቶት ሊጻፍ ይገባዋል። «እህቴ ኮሌጅ እስክትጨርስ በወር ይህን ያህል» ተብሎ የተጻፈ አደራ ማብቂያ አለው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ማቀድ ያስችላል። በልብ ብቻ የተያዘው ግን ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ ይሄዳል፤ የምትሸከመውም፣ የሚቀበሉትም የት ላይ እንደሚያበቃ አያውቁም። ከቤተሰብ ጋር ይህን መነጋገር ይከብዳል። ቢሆንም በጊዜው የተነገረ ቃል ኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ያድናል።

እንግዲህ ዕቅድዎን ከመጻፍዎ በፊት፣ የሚመኙትን ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው ይፈልጉና ሻይ ይጋብዙት። «ሥራው እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁት «ምን አይልም» ይልዎታል፣ በዚያው ያበቃል። ያለፈውን ረቡዕ ይጠይቁት። ስንት ሰዓት ገባ? መጀመሪያ ምን ሠራ? ከማን ጋር ተጨቃጨቀ? ምሳ የት በላ? ስንት ሰዓት ወጣ፣ ቤት ሲደርስስ ልጆቹ ተኝተው ነበር? የመለሰልዎትን እዚያው ይጻፉት። ማታ ለብቻዎ ሲሆኑ፣ ስሙን አውጥተው የራስዎን ስም ያስገቡበትና ገጹን ከላይ እስከ ታች ያንብቡት።