ስልሳ ነጥብና አንድ ኳስ ተቀባይ

በዚህ የትምህርት ዘመን ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ላይ ከአንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ደብተር ቀማን። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር ሲጽፍበት ተገኝቶ ነው። ልጁ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሒሳብ ወድቋል፤ አባቱም ቢሮ ድረስ መጥተው ከስልኩ በቀር ምንም አልገባ እንዳለው በምሬት ነግረውናል። ደብተሩን ስንገልጠው ግን ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ነው። አሜሪካ ካለው የአጎቱ ልጅ ጋር በኢንተርኔት በሚካሄድ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ውስጥ አንድ ተጫዋች እየሠራ ኖሯል። አስጠርተን አስረዳን አልነው፤ የሚከተለው ከእሱ የተማርነው ነው።

ይህ ፉትቦል እኛ የምናውቀው የእግር ኳስ አይደለም። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። በመስመሩ ጫፍና ጫፍ ቆሞ፣ አስቀድሞ በተስማሙበት መንገድ ሮጦ የሚቀበለው ደግሞ ዋይድ ሪሲቨር ነው። ኳሱ ብዙ ጊዜ የሚወረወረው ተቀባዩ ገና ፊቱን ሳያዞር ነው። ስለዚህ አንድ እርምጃ ቢዘገይ ኳሱ በተጋጣሚው እጅ ሊገባ ይችላል።

በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹን የሚሠሩት በነጥብ ነው። ልጁ እንዲህ አስቀመጠልን። ፍጥነት፣ ቅልጥፍና፣ ኳስ አያያዝ፣ ዝላይ፣ ጉልበትና ጽናት እያንዳንዳቸው ከ30 ይጀምራሉ እንበል፤ በእጃችሁ ያለው 60 ነጥብ ነው። ከ30 እስከ 40 አንዱን ደረጃ ለመጨመር 1 ነጥብ ይከፈላል፤ ከ40 እስከ 50 ሁለት፤ ከ50 እስከ 60 ሦስት። ወላጆች ይህን ከደመወዝ ግብር ያውቁታል፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር በተጨማሪው ላይ የሚከፈለው ይብሳል።

የመጀመሪያውን ተጫዋቹን ሲሠራ ሁሉንም ነጥብ በፍጥነት ላይ አፈሰሰው። 10 ሲደመር 20 ሲደመር 30፣ ስልሳው አለቀ። ፍጥነቱ 60 ሆነ፣ ሌላው ሁሉ 30 ቀረ። ተከላካዮቹን ጥሎ ይሮጣል፤ ኳሱ ሲደርሰው ግን ከእጁ ያመልጣል። የቡድኑ አሠልጣኝ፣ እሱም በሌላ አገር ያለ ተጫዋች ነው፣ ከተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ሁለተኛውን ሲሠራ ፍጥነቱን 50 ላይ አቆመና 30 ነጥብ ከፈለ። በ20 ነጥብ ኳስ አያያዙን 45 አደረሰ። በቀረው 10 ቅልጥፍናውን 40 አደረገ። በዚያው 60 ነጥብ ቀድሞ 30 ደረጃ ነበር የገዛው፤ አሁን 45 ገዛ። ይህ ተጫዋች በሦስተኛው ሳምንት ቋሚ ተሰላፊ ሆኗል። ፍጥነትን ለምን ከ50 እንዳላሳለፈ ስንጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ከዚያ በላይ አንዱ በሦስት ነው፤ በሦስት ነጥብ ሦስት ቅልጥፍና አገኛለሁ» አለን። ሰሌዳ ላይ ወር ሙሉ የደከምንበት ነገር ይኸው ነበር።

እውነተኛው ሜዳም የተለየ ነገር አያሳይም። በ2017 ጆን ሮስ 40 ያርድን፣ 36 ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ በ4.22 ሰከንድ ሮጠ፤ በዚያን ጊዜ የተመልማዮች ፈተና ክብረ ወሰን ነበር። ሲንሲናቲ በ9ኛ ተራ መረጠው፤ በመጀመሪያው የውድድር ዓመቱ ግን አንድም ኳስ አልያዘም። ጉዳት ስለነበረበት ፍርዳችን ልል ይሁን። አንኳን ቦልዲን ግን በ2003 ያንኑ ርቀት ከ4.7 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት ዘገምተኛ ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት ለአሪዞና 101 ኳስ ያዘ።

ለወላጆች አንድ ነገር እንጨምር። እንዲህ ያሉት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ግጥሚያውን ራሳቸው አስልተው ውጤቱን ያስቀምጣሉ። በአሜሪካ ምሥራቅ ምሽት ሲሆን እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጁ ነቅቶ ቢጠብቅም ቢተኛም ውጤቱ አንድ ነው። ይህን ለአባቱ ነግረናቸው፣ ስልኩ ማታ ማታ ሳሎን እንዲያድር ተስማምተዋል። ደብተሩንም መልሰናል፤ ሁለት ሳምንት ማቆየታችን ግን ልክ አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብን አልፏል፤ በጥቂት ነጥብ ቢሆንም።

ለተማሪዎቻችን የተወው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለተኛው ተጫዋች 20 ነጥብ ተጨመረለት። ኳስ አያያዙን 50 አድርሶ በቀረው ዝላዩን ያሳድግ፣ ወይስ ፍጥነቱን ይቀጥል? ፍጥነቱን ብትመርጡ ስንት ላይ ይቆማል፣ ስንት ነጥብስ ይተርፋል? መልሳችሁን ለሒሳብ መምህራችሁ አስረክቡ።