እንዲህ ባይሆን ኖሮስ?

ገበሬ መቼም «ቢሆንስ?» እያለ የሚኖር ሰው ነው። «ክረምቱ ቢዘገይስ?» ብሎ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ያስቀምጣል። «ተምች ቢመጣስ?» ብሎ በማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት እህል አይዘራም። «በሬዬ ቢታመምስ?» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር አስቀድሞ ይመካከራል። እንዲህ ብሎ ያልጠየቀ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን ይገኛል።

ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ከማሳችን ከፍ አድርገን ወደ ሰማይ እናነሣዋለን። ጥያቄዎቹ የጨዋታ ይመስላሉ። መልሶቻቸው ግን ስለ ዝናባችን፣ ስለ ውርጩና ስለ አፈራችን ብዙ ይነግሩናል። አንድ ነገር ምን እንደሚሠራልን ለማወቅ «እሱ ባይኖርስ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። የምሰሶን ጥቅም በደንብ የሚያውቀው፣ ጎጆው ያለ ምሰሶ ምን እንደሚሆን ያሰበ ሰው ነው። እስቲ እኛም እየጠየቅን እንመርምር።

መሬት መዞሯን ብታቆምስ?

መሬት እንደ ብርቱካን ድቡልቡል ናት። በወገቧ ላይ የዙሪያዋ ርዝመት 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ በራሷ ላይ አንድ ጊዜ ትዞራለች። ፊቱን ለፀሐይ የሰጠው ጎኗ ቀን ይሆናል፤ ጀርባውን የሰጠው ሌሊት ይሆናል። «ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ጠለቀች» እንላለን እንጂ የምንዞረውስ እኛ ነን። በመኪና ስንሄድ በመንገድ ዳር ያሉት ዛፎች ወደ ኋላ የሚሮጡ ይመስለን የለ? ይህም እንደዚያው ነው።

አሁን 40,000ን ለ24 እናካፍል። በመሬት ወገብ ላይ ያለ ሰው በየሰዓቱ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል ማለት ነው። አገራችን ከመሬት ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የእኛም ፍጥነት ከዚህ ብዙ አያንስም።

«እንዴ! ታዲያ ለምን አይታወቀንም?» እንል ይሆናል። የማይታወቀን ሁሉም ነገር አብሮን ስለሚሄድ ነው። ለጥ ባለ መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀያይር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን አንድ የቡና ፍሬ ወደ ላይ ብንወረውር፣ ተመልሶ እጃችን ላይ ይወድቃል። ወደ ኋላ አይቀርም። ቤቱም፣ ከብቱም፣ አየሩም፣ እኛም ከመሬት ጋር አንድ ላይ እንዞራለን።

መሬት በድንገት ቀጥ ብትልስ? ሾፌር ድንገት ፍሬን ሲይዝ የቆመ መንገደኛ ወደ ፊት ይወረወራል። መሬትም ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ቤቱ፣ ዛፉ፣ የባሕሩ ውሃ ሳይቀር ወደ ምሥራቅ ይወረወር ነበር። የሚተርፍ አይገኝም።

ቀስ ብላ ብትቆምስ? መሬት በራሷ ላይ ከመዞሯ ሌላ ፀሐይን በዓመት አንድ ጊዜ ትዞራለች። በራሷ ላይ መዞሯን ትታ ፀሐይን መዞሯን ብቻ ብትቀጥል፣ ስድስት ወር ቀን፣ ስድስት ወር ሌሊት ይሆን ነበር። የዘራነው ጤፍ ስድስት ወር ሙሉ ፀሐይ ሳትጠልቅበት ይቃጠል ነበር። የተረፈውን ደግሞ የስድስት ወር ጨለማና ብርድ ይጨርሰው ነበር። እንግዲህ ሌሊት ለእንቅልፍ ብቻ የተሠራ አይደለም። የቀኑ ሙቀት የሚበርደው በሌሊት ነው።

ይህ ይደርሳል ብለን ግን አንሰጋም። የመሬት መዞር በጣም ቀስ እያለ ቢቀንስም፣ በመቶ ዓመት ውስጥ የቀን ርዝመት የሚጨምረው የአንድ ሰከንድ ሁለት ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ ሁለት እጁ ቢወሰድ ማለት ነው። ዐይናችንን ለመጨፈን እንኳ አይበቃም።

መሬት ባታዘነብልስ?

አንድ ብርቱካን በቀጭን እንጨት ከላይ እስከ ታች እንውጋ። ኩራዝ አብርተን እንጨቱን ትንሽ ጋደል እናድርገው። የተጋደለበትን አቅጣጫ ሳንቀይር በኩራዙ ዙሪያ እንሂድ። በአንደኛው ወገን ስንደርስ የብርቱካኑ የላይኛው ክፍል ወደ ኩራዙ ያዘነብላል። ወደ ተቃራኒው ወገን ስንዞር የታችኛው ክፍል ያዘነብላል። መሬትም እንዲሁ ናት። 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ጋደል ብላ ፀሐይን ትዞራለች።

ይህ መጋደል ለእኛ ምን ይሠራል? ክረምትን ያመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ የምታርፍበት አገር በጣም ይሞቃል። የሞቀ አየር እንደ ጭስ ሽቅብ ይወጣል። በምትኩ ከሩቅ ውቅያኖሶች እርጥብ ነፋስ ይመጣል። እርጥቡ አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ደመና ይሆናል፤ ይዘንባል። በመሬት ወገብ አካባቢ እንደ መቀነት የሚዞር የዝናብ አገር አለ። ይህ መቀነት በአንድ ቦታ አይቆምም። ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በሰኔ የመሬት ሰሜናዊ ክፍል ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል መቀነቱም ወደ ሰሜን ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ በደጋዎቻችን ላይ ዝናቡን ያወርዳል። መስከረም ሲጠባ ወደ ደቡብ መመለስ ይጀምራል።

መሬት ባታዘነብል ኖሮ ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ከመሬት ወገብ ሳትርቅ ትቀር ነበር። የዝናቡም መቀነት እዚያው አካባቢ ይቀር ነበር። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎና ትግራይ ዛሬ የሚያውቁትን ክረምት አያውቁትም ነበር። ዓባይም በክረምት ሞልቶ ባልወረደ ነበር። ሞፈርና ቀንበር የምናወጣበትን ወር የሚወስነው የመሬት መጋደል ነው ማለት ነው።

መሬት ወደ ፀሐይ ብትቀርብስ?

«ፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው ወይ? መሬት ከፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዷ ልክ እንደ ምጣድ ክብ ስላልሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ቀረብ፣ አንድ ጊዜ ራቅ ትላለች። ቀረብ የምትለው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ራቅ የምትለው በሰኔ መጨረሻ ገደማ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

አሁን እናስብ። ታኅሣሥ በደጋ አገር ምን ወር ነው? የውርጭ ወር ነዋ! ለፀሐይ በጣም በቀረብንበት ወር ነው ባቄላችንን ውርጭ የሚመታው። ታዲያ ውርጩን የሚያመጣው የፀሐይ መራቅ ካልሆነ ምንድን ነው?

አየር ባይኖርስ?

መልሱን ገበሬ ያውቀዋል። ሰማዩ ደመና ለብሶ ባደረበት ሌሊት ውርጭ ብዙም አይወርድም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት ሲያበሩ ባደረበት ሌሊት ግን ያሰጋል። መሬት በቀን የጠጣችውን ሙቀት በሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፤ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም። ደመና ከሌለና አየሩም ደረቅ ከሆነ ሙቀቱ ያመልጣል፤ ውርጩም ይወርዳል።

ደመና በሌለበት ጊዜም አየሩ ራሱ ስስ ጋቢ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሙቀት ይይዛሉ። በዚህ ምክንያት የመላዋ መሬት አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ ገደማ ሆኗል። ይህ ጋቢ ባይኖር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል ይሆን ነበር። ውሃ በዜሮ ዲግሪ በረዶ እንደሚሆን እናስታውስ። ምን ይውጠን ነበር?

ጨረቃ ምስክር ናት። ከፀሐይ ያላት ርቀት ከእኛ ጋር ተመሳሳይ ነው። ግን አየር የላትም፤ ቀኗም በጣም ረጅም ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ቀን፣ ሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ይሆንባታል። በቀን ሙቀቷ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። በሌሊት ቅዝቃዜዋ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ 12 ሰዎች ጨረቃን ረግጠዋል። የሚተነፍሱትን አየር ከመሬት ይዘው ነበር የሄዱት። ነፋስም ዝናብም ስለሌለ የጫማቸውን ዱካ የሚያጠፋ የለም።

ኩንታል እህል በጨረቃ ላይ ቢመዘንስ?

ጨረቃ አየር ያጣችው ለምንድን ነው? ለመያዝ አቅም ስለሌላት ነው። መሬት ሁሉን ነገር ወደ ራሷ ትስባለች። ድንጋይ ወርውረን ተመልሶ የሚወድቀው ስለዚህ ነው። አየርም ሸሽቶ ወደ ጠፈር ያልሄደው መሬት ስባ ስለያዘችው ነው። የጨረቃ ስበት ግን ከመሬት ስበት አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ ጨረቃ እንውሰድ። በሞላ በሚሠራ፣ እቃ በሚንጠለጠልበት ሚዛን ብንሰቅለው 100 ኪሎ አይልም፤ 17 ኪሎ ገደማ ይላል። ተንኮለኛ ነጋዴ ቢኖር በጨረቃ እየገዛ በመሬት በሸጠ ነበር! ነገር ግን በሁለት ወገን ሳህን ባለው ሚዛን ብንመዝነውስ? በአንዱ ሳህን ጤፉ፣ በሌላው የ100 ኪሎ ድንጋይ ቢሆን ልክ እንደ ገበያችን እኩል ይሆናሉ። ጨረቃ ጤፉንም ድንጋዩንም በእኩል አቅልላቸዋለችና። ጤፉ አልጎደለም፤ የቀነሰው የሚስበው ኃይል ነው።

ጋቢው ቢደረብስ?

እስካሁን የጠየቅነው የማይሆነውን ነው። ይህ የመጨረሻው ግን በመሆን ላይ ያለ ነው።

አጥቢያ ኮከብ እያልን የምንጠራት ቬነስ የራሷ ብርሃን ያላት ኮከብ አይደለችም፤ እንደ መሬት ፀሐይን የምትዞር ዓለም ናት። ጋቢዋ እጅግ ወፍራም ነው፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሙቀቷ 460 ዲግሪ ያህል ነው፤ እርሳስ ያቀልጣል። ሜርኩሪ የምትባለው ሌላ ዓለም ከእሷ ይልቅ ለፀሐይ ትቀርባለች፤ ሙቀቷ ግን የቬነስን አያህልም። ጋቢ የላትማ!

የእኛስ? ከ250 ዓመት በፊት አየራችን እንደ ጤፍ ተቆጥሮ አንድ ሚሊዮን ፍሬ ቢሆን፣ ከዚያ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 280 ፍሬ ያህል ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። የጨመረው በተለይ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት በመቃጠሉ፣ ደንም በመመንጠሩ ነው። በዚህ ምክንያት የመሬት ሙቀት ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል። እኛ ቬነስን አንሆንም። ነገር ግን አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ ዶፉ ይበረታል፤ ሳይዘንብ ሲቀር ደግሞ ሙቀቱ የአፈሩን እርጥበት ቶሎ ይወስደዋል።

ብዙውን ጭስ ያወጡት በከሰልና በነዳጅ የበለጸጉት አገሮች ናቸው። ዶፉ የሚያጥበው አፈር ግን የእኛም ነው። የእነርሱን ጭስ መቀነስ በእጃችን አይደለም። እርከን መሥራት፣ ተዳፋቱን በዛፍና በሣር መያዝ፣ ጎርፉን በቦይ መምራት፣ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ማስቀመጥ ግን በእጃችን ነው። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዚህ ነው።

መሬት መዞሯንም ሆነ መጋደሏን እኛ አንጠብቅላትም፤ ያለ እኛ ይሄዳል። አየርና አፈር ግን ሰው ሊያበላሻቸው የሚችል፣ ሊጠብቃቸውም የሚገባ ሀብት ናቸው። የትኛው በእጃችን እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ ለይተን ማወቃችን ከዛሬው ጨዋታ ያገኘነው ትርፍ ነው።

ተሰብስበን እንወያይ

1. መሬት ስትዞር ለምን አይታወቀንም? በአውቶቡሱ ምሳሌ እናስረዳ።
2. ብርቱካንና ኩራዝ ይዘን የክረምትን አመጣጥ ላላነበበ ሰው እናሳይ።
3. በቀበሌያችን ውርጭ የሚመታው የትኛውን ማሳ ነው? ሌሊቱ ምን ዓይነት ሲሆን?
4. በዚህ ክረምት ዝናቡ ከወትሮው ቢበረታስ? ቀድሞ የሚታጠበው የማን ማሳ ነው? ከአሁኑ ምን እናድርግ?