ከላይ ያለው ሲያጠጣ ከታች ላለው ምን ይቀራል? የአቢጃታ ሐይቅ ትምህርት



 የዛሬው ማስታወሻችን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ አንድ ሐይቅና በእሱ ላይ ሲኖሩ ስለነበሩ ወፎች ነው።

◆ አንድ የነበሩት አራት ሐይቆች

ዝዋይ (ደምበል)፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላን የምናውቃቸው ለየብቻ ሆነው ነው። የመሬት ሳይንስ ተመራማሪዎች ግን ዛሬ ውሃ ከሚደርስበት በጣም ከፍ ብሎ በሚገኝ ደረቅ መሬት ላይ የዛጎልና ዲያቶም የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ቅሪት አገኙ። ፍራንሷዝ ጋስና አሌይን ስትሪት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት የአካባቢውን ሐይቆች ከፍታና ዝቅታ ታሪክ ዘርዝረዋል። ዝናብ በበዛበት በዚያ የጥንት ዘመን አራቱ ሐይቆች አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ዛሬ ካለው የሻላ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆም ነበር፤ ሲሞላም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ሱብሓነላህ!

«እንግዲያው ሐይቅ ድሮም ይደርቃል፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። የጥንቱ ለውጥ መቶዎችና ሺዎች ዓመታትን የወሰደ ነበር። አቢጃታ ግን ግማሽ ያህል ስፋቱን ያጣው ከ1970ዎቹ ወዲህ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው።

◆ ቤቱ እዚህ፣ ማዕዱ እዚያ

ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ ውሃው ጨውና ሶዳ የበዛበት ሐይቅ ነው። ፔሊካንን የመሰለ ትልቅ ወፍ የሚመግብ በቂ ዓሣ የለውም። በውስጡ ግን ደሴቶች አሉት፤ አውሬ አይደርስባቸውም። ነጭ ፔሊካኖች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነበር። ረፋድ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ፔሊካኑም በዚያ አየር ላይ ተንሳፎ፣ ብዙም ክንፉን ሳይደክም ወደ ጎረቤቱ አቢጃታ ይሻገራል። አቢጃታ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ የቆሮሶ ዓሣም ነበረው። ዓሣውን ይዞ ወደ ጫጩቶቹ ይመለሳል። ቤቱ በአንዱ ሐይቅ፣ ማዕዱ በሌላው! ይህን ያስተካከለ ጌታ ጥራት ይገባው።

አቢጃታ ግን መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ውሃ በትነት ብቻ ይሄዳል፤ ጨውና ሶዳው ወደ ኋላ ይቀራል። የሚገባው ውሃ ሲያንስ የቀረው ይወፍራል፣ ይመርራል። ዓሣው ይህን መቋቋም አቅቶት አለቀ። የፔሊካኖቹም ብዛት አብሮ አሽቆለቆለ። ደሴቷ ዛሬም አለች፤ የጠፋው ማዕዱ ነው። አንድን ፍጥረት ለማጥፋት የግድ መግደል እንደማያስፈልግ ከዚህ እንማራለን።

◆ ውሃው የት ሄደ?

መቂና ቀጠር የሚባሉት ወንዞች ወደ ዝዋይ ይገባሉ። ዝዋይ ሲሞላ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ለአቢጃታ ያካፍላል። ከላንጋኖም የሆራ ቀሎ ወንዝ ይመጣል። በዝዋይ ዙሪያና በወንዞቹ ዳር መስኖው ሲበዛ ለቡልቡላ የሚተርፈው አነሰ። ከአቢጃታም ራሱ ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ሲሳብ ቆይቷል። የሙቀት መጨመር ደግሞ ትነቱን ያብሳል። በፓርኩ ያለው የግራር ደንም ለከሰል ሲቆረጥ ኖሯል።

ገበሬው ልጆቹን ሊያበላ ነው የሚያጠጣው፤ ይህ ሐላል ሥራ ነው። ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን የምንበላውም እኛው ነን። ስለዚህ ጣት የምንቀስርበት ሌላ ሰው ከመፈለግ ይልቅ ዲናችን ስለዚህ ምን እንዳስተማረን እንይ።

◆ የዙበይር የመስኖ ጉዳይ

በቡኻሪና ሙስሊም የተዘገበ ታሪክ አለ። ዙበይር (ረ.ዐ) እና አንድ የመዲና ሰው ተምር በሚያጠጡበት ቦይ ተጣሉ። የዙበይር መሬት ከላይ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የሰጡት ፍርድ ዙበይር አጠጥቶ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ነበር። ከላይ ያለው መብት አለው፤ ከታች ያለውም መብት አለው። ቅድሚያ ማግኘት ሁሉን መውሰድ ማለት አይደለም።

በአቢጃታ ጉዳይ ከታች ያለው ጎረቤት ፔሊካኑ፣ ፍላሚንጎውና ዓሣው ነው። አላህ በቁርኣን እንስሳትና አዕዋፍ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል። እነሱ ግን ዳኛ ፊት ቆመው መክሰስ አይችሉም። የማይከስ ጎረቤት ሐቅ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

◆ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

• መስኖ የምታለሙ ወንድሞች፣ እርሻው ከጠገበ በኋላ ፓምፑን አጥፉ። የምትችሉ ጠብታ መስኖን ሞክሩ፤ ውሃው በቀጥታ ሥሩ ላይ ስለሚደርስ ብክነቱ ያንሳል።
• ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ በሚለካ ውሃ ነበር። ዛሬ ለጁሙዓ ውዱእ ስናደርግ ቧንቧውን ከፍተን የምናፈሰውን እናስተውል።
• ስለ አካባቢ ልማት በሚመከርበት ስብሰባ ላይ የምትቀመጡ፣ «ከታች ላለው ምን ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ።
• ለልጆቻችን ወፎቹን እናሳያቸው። ያላወቁትን አማና ሊጠብቁ አይችሉም።

አላህ ሚዛኑን ከሚጠብቁት ያድርገን፣ ከኢስራፍም ይጠብቀን፤ የዝናቡንና የምንጩን በረካ ይጨምርልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!