ድመትና ሽንኩርት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ገበሬው ጤፉንና በቆሎውን ጎተራ ያስገባል። አይጥም ተከትላ ትገባለች። ጎተራውን የምትጠብቀው ድመት ናት። ድመት ከሞተች እህሉ የአይጥ ነው።

ታዲያ ድመቲቱን ምን እናበላታለን? ብዙ ጊዜ የተረፈ እንጀራ በወጥ ይጣልላታል። ወጡ ግን ሽንኩርት አለበት። ሽንኩርት ለሰው ምግብ ነው፤ ለድመት ግን መርዝ ነው። ደሟን ያበላሻል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። ቢበስልም ቢደርቅም መርዝነቱ አይለቀውም። 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት 15 ግራም ያህል ቀይ ሽንኩርት ብትበላ ልትታመም ትችላለች።

ሕመሙ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ድመቲቱ ትደክማለች፤ ምግብ ትተዋለች፤ ድዷ ይነጣል፤ ሽንቷ ይጠቁራል። ይህን ስታዩ ሳትዘገዩ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

አረንጓዴ የሆነ ድንች፣ ወይንና ዘቢብም አትስጧት። ጨውና ሽንኩርት የሌለበት የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት ግን ጥቂት ብትቀምስ አይጎዳትም።

ይሁንና ድመት በአትክልት ብቻ አትኖርም፤ ሥጋ በል ናት። ጾሙም የሰው እንጂ የድመት አይደለም እኮ! ስለዚህ ሥጋ ሲኖር ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁራጩን ለይታችሁ ስጧት። ሥጋ ሲጠፋ የተቀቀለ እንቁላል ይሆናታል።

ጥያቄ
1. ሽንኩርት ሲበስል ለድመት ይስማማል?
2. የድመት ድድ ሲነጣ ምን እናደርጋለን?
3. በቤታችሁ ለድመት የሚሰጠው ምንድን ነው? ተነጋገሩበት።