በታደሰ ቴአትር ቤት ተመልካች ምን አለ?

አንድ ቴአትር ቤት ታድሶ በሩ በተከፈተ ማግሥት ከውስጡ የሚወጣው ሰው ሁሉ ሐያሲ ይሆናል። ስለ ተውኔቱ ሲጠየቅ «እኔ እንጃ» የሚለው ሰው ስለ ወንበሩ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሲጠየቅ ግን ቃል አያጥረውም። ይህ ዐይነቱ አስተያየት ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ወሬ ይታለፋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ እንደ አንድ የጥናት ርእስ ልንይዘው አስበናል፤ ምክንያቱም ሕንፃው ለማን እንደ ተሠራ የሚገለጠው ከነዳፊው መግለጫ ይልቅ በተመልካቹ ምስጋናና ማጕረምረም ውስጥ ስለ ሆነ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው በእንግሊዝ አገር፣ ከሎንዶን ርቃ በኤቨን ወንዝ ዳር በምትገኘው በስትራትፎርድ ከተማ ያለውን የሮያል ሼክስፒር ቴአትር ነው። ከተማይቱ ሼክስፒር በ1564 የተወለደባት፣ በ1616 የተቀበረባት ናት። «ሐምሌት»ን፣ «ኦቴሎ»ንና «ማክቤዝ»ን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ላነበበ ጓደኛችን ስሟ እንግዳ አይሆንበትም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ጽፈናል።)

በዚያች ከተማ የመጀመሪያው የሼክስፒር መታሰቢያ ቴአትር የተከፈተው በ1879 ሲሆን፣ በማርች 1926 በእሳት ተቃጠለ። በርናርድ ሾው ያን አሮጌ ቤት ቀድሞም አይወደው ኖሮ፣ ስለ ቃጠሎው በኀዘን ፈንታ የደስታ መልእክት ላከ ይባላል። ከዚያ በኋላ ውድድር ተደርጎ ኤሊዛቤት ስኮት የተባለች የ29 ዓመት ወጣት አርክቴክት አሸነፈች። በእንግሊዝ አገር ይህን ያህል ከፍ ያለ የሕዝብ ሕንፃ በውድድር ባሸነፈች ሴት ንድፍ ሲሠራ የመጀመሪያው እርሱ ነበር። አዲሱም ቤት አፕሪል 23 ቀን 1932 ተከፈተ።

እንግዲህ የተመልካቹ አስተያየት ከዚህ ይጀምራል። የአገሩ ሰው ጌጥ የሌለውን፣ ግዙፉን የቀይ ጡብ ግንብ ባየ ጊዜ «የማርማላታ ፋብሪካ» ብሎ ሰየመው። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋርም ሕንፃውን አይቶ እጅግ ስለ ጠላው ወደ ውስጥ አልገባም አለ። ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ ፍርድ የተሰጠው በውጭ ቆሞ ነው። የቤቱ ዋና ጕድለት ግን በውጭ አልነበረም፤ በውስጥ ነበር። እርሱንም መጀመሪያ ያወቁት መድረኩ ላይ የቆሙት ተዋናዮች ናቸው።

አዳራሹ በዚያ ዘመን ይሠሩ እንደ ነበሩት ሲኒማ ቤቶች ከመድረኩ ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄድ ነበር። መድረኩ ደግሞ በትልቅ ቅስት ውስጥ እንደ ሥዕል በክፈፍ ተከቶ ከተመልካቹ ተለይቶ ይታያል። እንዲህ ያለውን መድረክ እኛም በአዲስ አበባ በ1955 ከተከፈተው ከብሔራዊ ቴአትር እናውቀዋለን፤ ስለዚህ «መድረክ» ሲባል ወዲያው በሐሳባችን የሚመጣው መጋረጃና ክፈፍ ነው። በስትራትፎርድ ግን ከመድረኩ እስከ መጨረሻው ወንበር ያለው ርቀት 27 ሜትር ስለ ነበር፣ ተዋናዮቹ ከባሕር ማዶ ላለ ሰው የሚናገሩ ይመስላቸው ነበር። በየጊዜው የተሾሙት ኀላፊዎች መድረኩን ወደ ፊት እየገፉ፣ አዳራሹን እየለዋወጡ ችግሩን ሊያቃልሉ ሞከሩ፤ ፒተር ሆልም በ1960 መድረኩን ወደ ተመልካቹ አስገፍቶት ነበር። ሆኖም የቤቱ አጥንት እንዳለ ቀረ።

በ2001 ሕንፃውን ጨርሶ አፍርሶ በሌላ ለመተካት ዕቅድ ወጣ። በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር በጣም ያስገርማል፤ በ1932 ፋብሪካ ተብሎ የተሰደበው ቤት አሁን ተሟጋች አገኘ። ሰባ ዓመት ሙሉ እየተማረረ የገባበት ሰው አይፈርስም ብሎ ተነሣ፤ ሕንፃውም በቅርስነት የተመዘገበ ነበርና ዕቅዱ ቀረ። ቅሬታ ሁልጊዜ ጥላቻ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን፤ ሰው ስለ ገዛ ቤቱ ጣራ ያማርራል፣ ቤቱን አፍርሱልኝ ግን አላለም። በ2003 የቴአትሩን አመራር የያዘው ማይክል ቦይድ የ1932ቱን የውጭ ግንብና ውብ የሆነውን የመግቢያ አዳራሽ አስቀርቶ፣ የውስጡን አዳራሽ ብቻ ከሥር አፍርሶ ለማሠራት ወሰነ። ንድፉን የሠሩት ቤኔትስ የተባሉት አርክቴክቶች ናቸው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተደረገው ነገር ለብዙ ግንበኞች ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን። በ2006 በአጠገቡ ከዛገ ብረት የተሠራ፣ ከ1,000 ሰው በላይ የሚይዝ «ኮርትያርድ» የሚባል ጊዜያዊ ቴአትር ቤት ቆመ። የዚህ ቤት መድረክ ከክፈፉ ወጥቶ በተመልካቹ መካከል የገባ፣ ሰው በሦስት ወገን የሚከበው ነበር። በጠጅ ቤት አዝማሪን ከብቦ ያዳመጠ ሰው ነገሩን ያለ ሥዕል ይረዳዋል። ዋናው ቤት ሲታደስ ተውኔቶቹ በዚያ ይታዩ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቍረጡ በፊት እንደሚለካ ሁሉ፣ የአዲሱ አዳራሽ ቅርጽ አስቀድሞ በሕይወት ባለ ተመልካች ተለካ ማለት ነው።

ዋናው ቤት በ2007 ተዘግቶ በኖቬምበር 2010 ተከፈተ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም ማርች 4 ቀን 2011 መርቀው ከፈቱት። ወጪው በጠቅላላው 112.8 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። 36 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ተጨመረ፤ ስለ ማማው ብዙ ተብሏል፣ እኛ ግን ተውኔት ከማማ ላይ አይታይምና እናልፈዋለን። ዋናው ነገር 27 ሜትር የነበረው ርቀት 15 ሜትር መሆኑ ነው።

ይህ ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ በሂሳብ ብናየው ይሻላል። በ15 ሜትር ርቀት ያለ ፊት፣ በ27 ሜትር ካለው ይልቅ ለዐይን በ1.8 እጥፍ ይሰፋል። ከተናጋሪው አፍ በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ኀይል ደግሞ በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ከእድሳቱ በኋላ የመጣው ተመልካች «ተዋናዩ ለእኔ ብቻ የተናገረ መሰለኝ» ቢል ማጋነን አይደለም፤ አዳራሹ ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። በሹክሹክታ የሚነገር ቃል እስከ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል፣ በተዋናዩ ግንባር ላይ ያለው ላብ ይታያል፣ በአንጻሩ የተቀመጠው ተመልካች ፊትም ይታያል። ይህን የመጨረሻውን አንዳንዱ ይወደዋል፤ አብሮት የሚስቅ ሰው ያያልና። ሌላው ደግሞ ንጉሥ ሊር በማዕበሉ ውስጥ ሲጮኽ ከበስተኋላው የሚያዛጋ ሰው ይታየኛል ብሎ ይበሳጫል። እኛ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነን፤ ማዛጋትም ከሐያሲ ጽሑፍ ይልቅ ታማኝ ፍርድ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ዐይነት መድረክ ዋጋ ያስከፍላል። ሰው በሦስት ወገን ከተቀመጠ ተዋናዩ ፊቱን ለሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊሰጥ አይችልም፤ ለአንዱ ፊት ሲሰጥ ለሌላው ጀርባ ይሰጣል። በጎን የተቀመጠ ተመልካች «ግማሹን ጨዋታ ያየሁት ጀርባ ነው» ቢል ክፋት የለበትም። ከዐይን በላይ ጆሮ ይጎዳል፤ እንደ ሰ፣ ፈ፣ ተ ያሉት ድምፆች የሚሠሩት በቀጭን የድምፅ ሞገድ ነውና ከአፍ ወደ ፊት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ወደ ኋላ አይዞሩም። ስለዚህ ከጀርባ ያለው ሰው ድምፁን ይሰማል፣ ቃሉን ግን ያጣል። ለዚህ መድኀኒቱ በከፊል በአዘጋጁ እጅ ነው፤ ተዋናዮቹ በአንድ ስፍራ ቆመው እንዳይቀሩ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እንዲቆሙ፣ በተመልካቹ መካከል ባሉት መተላለፊያዎች እንዲገቡና እንዲወጡ ያደርጋል። ከዚህ ሌላ በላይኛው ፎቅ ጫፍ የተቀመጠው ሰው ወደ መድረኩ ለማየት በመደገፊያው ብረት ላይ ሊያጐነብስ ይገደዳል፤ እርሱ ሲያጐነብስ የጎረቤቱን ዐይን ይጋርዳል፣ ጎረቤቱም በተራው ያጐነብሳል።

እንግዲህ አስተያየት የሚያጠና ተማሪ ሊይዘው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አልክ?» አይደለም፤ «ወዴት ተቀምጠህ ነበር?» ነው። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ተውኔት፣ አንዱ «እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም» ሲል ሌላው «ገንዘቤን አቃጠልሁ» ሊል ይችላል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። በአሮጌው አዳራሽ መጥፎው ወንበር ከኋላ በሩቁ ነበር፤ በአዲሱ መጥፎው ወንበር በጎንና በጫፍ ነው። እድሳቱ መጥፎ ወንበርን አላጠፋም፣ ስፍራውን ለወጠው። ደግነቱ፣ ዕይታው የተጋረደ ወንበር ሲሸጥ አስቀድሞ ተነግሮ በርካሽ ይሸጣል። ደግሞም በርካሹ ወንበር የሚቀመጠው እንደ እኛ ያለ ኪሱ የሳሳ ተማሪ ነው።

ስለ ርካሽ ወንበር ካነሣን ዘንድ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚበልጠው ለውጥ ብለን የምንገምተውን እንናገር። በ1932ቱ ቤት የላይኛው ሰገነት ተመልካች የሚገባው በዋናው በር አልነበረም። ለብቻው በጎን በተሠራ በርና ደረጃ ይወጣል፣ በዚያው ይወርዳል፤ ባለ እብነ በረዱን ደረጃና የመግቢያውን አዳራሽ አያይም። ባለ ውድ ቲኬቱና ባለ ርካሽ ቲኬቱ በአንድ ጣራ ሥር ሦስት ሰዓት ቆይተው ሳይተያዩ ይለያያሉ። ከእድሳቱ በኋላ ግን ሁሉም በአንድ በር ይገባል፣ በአንድ መተላለፊያ ይጋፋል። በዚያው መግቢያ ወለል ላይ የአሮጌው መድረክ ሳንቃ ተነጥፏል፤ ታላላቆቹ ተዋናዮች የረገጡትን እንጨት አሁን ባለ ርካሽ ቲኬቱም ይረግጠዋል። ይህን በአስተያየቱ የሚጠቅስ ሰው ጥቂት መሆኑ አያስደንቅም፤ ሰው በጎን በር መግባቱን ይረሳል፣ ወይም ደግሞ በጎን በር የገባ ዘመድ አልነበረውም። የሴቶች መጸዳጃ ቤት መብዛቱን ግን ማንም አልረሳም። በዕረፍት ሰዓት ግማሹን በሰልፍ የጨረሰች ሴት ምስጋናዋን ከዚያ ብትጀምር ማን ይፈርድባታል?

አሁን ደግሞ ስለማይሰማው አስተያየት እንናገር። አሮጌው አዳራሽ ወደ 1,400 የሚጠጋ ሰው ይይዝ ነበር፤ አዲሱ የሚይዘው ወደ 1,040 ነው። ቅርበቱ የተገኘው ሩቆቹ ወንበሮች ስለ ወጡ ነው፤ በአዳራሹ ሙሉ ሌሊት ከሦስት መቶ የሚበልጥ ሰው ቀድሞ ይገባ በነበረበት ቤት ስፍራ አያገኝም ማለት ነው። የገባው ሰው ስለ ቅርበቱ ያመሰግናል፣ ስለ ጀርባው ያማርራል፤ ያልገባው ሰው ግን ስለ ቤቱ ምንም አይልም፤ አላየውምና። ከዚህ የተነሣ የተመልካችን አስተያየት ብቻ የሚሰበስብ ሰው ቤቱ እጅግ እንደ ተሻሻለ ይደመድማል፤ በእርግጥም ለገቡት ተሻሽሏል። በ27 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ በደንብ ሳይሰማ ማየት ይሻላል ወይስ ጨርሶ አለማየት? ከመካከላችን አንዳንዱ መጥፎ ወንበር ወንበር አይደለም ይላል። ሌሎቻችን ግን ሰው ቴአትርን የሚወደው መጀመሪያ ከሩቅ አይቶ ነው እንላለን፤ በዚህ ነገር ላይ እስከ አሁን አልተስማማንም።

ቴአትሩ ራሱ ለቀሩት ሰዎች አንድ መንገድ አግኝቷል። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ፣ ከ«ዳግማዊ ሪቻርድ» አንሥቶ፣ ከስትራትፎርድ መድረክ ተውኔቶችን በካሜራ እያነሣ በየሲኒማ ቤቱ ማሳየት ጀመረ። በሲኒማው የተቀመጠ ተመልካች ጀርባ አያይም፤ ካሜራው ፊቱን ፈልጎ ያመጣለታል፣ ማይክሮፎኑም ቃሉን አያጠፋበትም። ነገር ግን የሚያየው በክፈፍ ውስጥ ነው፤ የተቀመጠበትም አዳራሽ ያው የ1932ቱ ቤት መስሎት ተብሎ የተወቀሰበት ሲኒማ ቤት ነው።