ጥንቸሏ በድንገት ስትሞት፦ ማስመርመር ወይስ መቅበር?

ማታ ድርቆሿን ስትበላ ያመሸች ጥንቸል ጠዋት ደርቃ ትገኛለች። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ አገር ቤት ያሉት አያት በስልክ «ዓይን ነው» ይላሉ፣ አባት አካፋ ይፈልጋል። በድኗን ላብራቶሪ ስለ መውሰድ የሚያስብ አይኖርም፤ ሲታሰብም ብዙ ጊዜ መሽቷል። እኛ ቤት፣ ኮሎራዶ አውሮራ ውስጥ፣ ዳማ የምንላት ቡናማ ጥንቸላችን ስትሞት የሆነው ይኸው ነበር። ስለዚህ ከራሴ ስሕተት ልነሣ።

መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ወስኑ

ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ብዬ ዳማን በባለቤቴ ነጠላ ገንዤ ካርቶን ውስጥ አስተኛኋትና ጋራዥ አስቀመጥኳት። የመስከረም መጀመሪያ ነው፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ለክብሯ ያልኩት ነጠላ የገላዋን ሙቀት አፍኖ ያዘ። የጥንቸል ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሆዷ ደግሞ እንደ ጠላ ጋን ሁልጊዜ የሚብላላ ሣር ተሸክሟል፣ ከሞተችም በኋላ መብላላቱ አይቆምም። በማግስቱ ላብራቶሪ ሳደርሳት ሆድ ዕቃዋ ተበላሽቶ ነበር። ገንዘቤን ከፍዬ የተቀበልኩት ወረቀት «የሞቷን ምክንያት መለየት አልተቻለም» ይላል።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ጓንት አጥልቁ። በድኗን በምንም ሳትጠቀልሉ በሁለት ድርብ ፌስታል አድርጉና ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ከምግብ ጋር ማስቀመጥ የሚቀፋችሁ ከሆነ (እኔንም ይቀፈኛል) ለሽርሽር የምትይዙትን የማቀዝቀዣ ሳጥን በበረዶ ሙሉት። ፍሪዘር ግን አይሆንም፤ ገላዋ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ የሚያየውን ሥጋ ይበጣጥሰዋል። ላብራቶሪው ለብዙ ቀናት ዝግ ከሆነ ብቻ ፍሪዘርም ከምንም ይሻላል፣ የቫይረስ ምርመራ ከበረዶም ሊሠራ ይችላልና። ቀዝቅዛ ከተቀመጠች አንድ ቀን ያህል የማሰቢያ ጊዜ አገኛችሁ ማለት ነው።

በዚያው ሰዓት፣ ጎጆዋን ከማጽዳታችሁ በፊት፣ ፎቶ አንሡ፦ የተኛችበትን አኳኋን፣ አፍንጫዋ ላይ ደም መኖር አለመኖሩን፣ በጠጧን፣ የተረፈውን ምግብ። የመጨረሻ የበላችበትን ሰዓት ጻፉ፤ በኋላ ይምታታባችኋል።

ሌላ ጥንቸል አለ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ አስመርምሩ፤ እኔ በበኩሌ ብዙም የሚያከራክር ነገር አይታየኝም።

ምክንያቱ የጥንቸል ደም አፍሳሽ በሽታ የሚባለው ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ቻይና ውስጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓይነት ቫይረስ በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ ተገኘ። ይኸው ሁለተኛው በ2020 ኒው ሜክሲኮን፣ አሪዞናን፣ ቴክሳስንና እኛ ያለንበትን ኮሎራዶን አዳረሰ። ክፋቱ የቤቷን ብቻ ሳይሆን በየጓሯችን የምትዘልለውን የዱር ጥንቸልም መግደሉ ነው። ጉበትን ያጠቃል፣ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ አንዳንዷ ከአፍንጫዋ ደም ይወጣል፣ ብዙዎቹ ግን ያለ አንዳች ምልክት ክልትው ይላሉ። ሰው፣ ውሻና ድመት አይይዛቸውም፤ ሆኖም በጫማችን፣ በልብሳችንና በድርቆሽ ከቤት ወደ ቤት እናዞረዋለን። በድን ላይ ደግሞ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ይህን ከጠረጠራችሁ በድኗን ይዛችሁ ሌሎች ጥንቸሎች የተደረደሩበት ክሊኒክ አትግቡ። አስቀድማችሁ ደውሉ። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ ለስቴቱ የእንስሳት ሐኪም ጽሕፈት ቤት የሚነገር በሽታ ስለሆነ፣ ናሙናው የት እንደሚሄድ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። የቀሩትን ጥንቸሎች ማንም እንዳይነካቸው አድርጉ፤ ስለ ክትባቱም ጠይቁ። ክትባቱ በ2021 ለአስቸኳይ አገልግሎት ተፈቅዷል፣ በ3 ሳምንት ልዩነት 2 ጊዜ ይወጋል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ጎጆውን በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ እርጥብ እንዳለ ተዉት።

የታመመ ሰው አለ?

ጥንቸሏ ውጭ የምትውል ከነበረችና የነካት ሰው ካተኮሰው፣ ንፍፊት ካወጣ ወይም እጁ ላይ ቁስል ካበቀለ፣ ቱላሪሚያ የሚባል ባክቴሪያ አለና ለራሳችሁ ሐኪም «ጥንቸል ሞታብናለች» በሉት። በአንቲባዮቲክ ይድናል፣ ሐኪሙ ግን ካልነገራችሁት ላይጠረጥር ይችላል።

መርዝ ይሆን?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላብራቶሪው መርዝን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚፈትሽ ስለሚመስለው ነው። አይደለም፤ «ይህን ፈልጉልኝ» ማለት አለባችሁ፣ ሒሳቡም ለብቻው ነው። የአይጥ መርዙን ማሸጊያ፣ የተረፈውን መኖ፣ የተጋጠውን የግድግዳ ቀለም ያዙ። ለውሻ ቁንጫ የሚቀባው ፊፕሮኒል ጥንቸልን ይገድላል። በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊንም እንዲሁ፣ የአንጀቷን ባክቴሪያ ያዛባዋል። አንዱን ሰጥታችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ።

«ጥፋቱ የእኔ ይሆን?»

የቀረችው ጥንቸል ባትኖርም፣ ሰው ባይታመምም፣ ይህ ጥያቄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ባይ ነኝ፤ ኪስ ከፈቀደ። ጥንቸል የሚታደን እንስሳ ናትና ሕመሟን ትደብቃለች። ሲከፈት የጉበቷ አንዱ ክፍል ተጣሞ ደም ተቋርጦበት ይገኛል፣ ወይም ማህፀኗ በካንሰር ተይዟል፤ ማህፀናቸው ያልወጣ እንስቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ ይህ በብዛት ያገኛቸዋል። ከውጭ ሆኖ ይህን ማየት ለማን ይቻላል? በአንጻሩ ምክንያቱ ፊት ለፊት ከሆነ፣ ለምሳሌ ጥላ በሌለበት በረንዳ ላይ በ35 ዲግሪ ውላ ከሆነ፣ ወይም ሐኪም ሲያክማት የቆየች አሮጊት ከነበረች፣ ገንዘቡን ተዉት።

ስትደውሉ የምትጠይቁት

ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? በማይክሮስኮፕ ማየትን ይጨምራል? ውጤቱ ለእኔ ነው ለሐኪሜ የሚላከው? የስቴት ወይም የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ አብዛኛውን ጊዜ ከግል ክሊኒክ ይረክሳል፤ ኮሎራዶ ውስጥ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ፎርት ኮሊንስ ላይ አለው። በዓይን የታየው በቀናት ይነገራችኋል፣ የማይክሮስኮፑ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በደንብ የተያዘ በድንም ቢሆን አንዳንዴ መልስ አይሰጥም፤ ይህንን ከመክፈላችሁ በፊት ለራሳችሁ ንገሩት።

በድኗ ትመለስ እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ አትመለስም። ልጆቹ የሚቀብሩት ነገር ከፈለጉ ከመውሰዳችሁ በፊት ከጆሮዋ ሥር ትንሽ ፀጉር ቁረጡላቸው። እኛ ጽጌረዳው ሥር የቀበርነው እሱን ነው፣ በክብሪት ቀፎ አድርገን። ቤት ውስጥ ሌላ ጥንቸል ካለ ግን ፀጉሩ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል አትንኩት፤ ፎቶዋን ቅበሩ።