የተከራያችሁት ካምፐር ቫን መንገድ ላይ ቢበላሽ

የሐምሌ ዕረፍት ሲደርስ ገንዘብ አዋጥቶ ካምፐር ቫን መከራየትና ወደ ስኮትላንድ ወይም ወደ ኮርንዎል መሄድ በማኅበራችን አባላት ዘንድ እየተለመደ ነው። ቫኑ መንገድ ላይ ሲቆም ግን ብዙዎቻችን ይሉኝታ ይዞን አከራዩ ያለንን ተቀብለን ዝም እንላለን። እኔ የነርሲንግ ተማሪ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ሆኖም እዚህ እንግሊዝ አገር ሕጉ ለተከራይ የሚሰጠውን መብት አንብቤ ዋና ዋናውን አቅርቤላችኋለሁ።

መጀመሪያ ደኅንነት

ሞተርዌይ ላይ ከቆማችሁ በግራ በኩል ባሉት በሮች ውጡና ከተቻለ ከመንገዱ ዳር ካለው የብረት አጥር ጀርባ ሁኑ። አደጋ ላይ ከሆናችሁ 999 ደውሉ። የገንዘቡ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ለተገዛ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ለተከራየም ይሠራል። ከድርጅት የተከራያችሁት ቫን ጥራቱ አጥጋቢ፣ ለጉዞው የሚሆንና እንደተነገራችሁ ዓይነት መሆን አለበት። «ለብልሽት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ውል ብትፈርሙ እንኳ ይህ መብት አይቀርባችሁም።

ጉድለቱ ቫኑን ስትረከቡ የነበረ ከሆነ ሁለት መንገድ አላችሁ።

የመጀመሪያው፣ በተረከባችሁ በ30 ቀን ውስጥ ቫኑን አልቀበልም ብሎ ውሉን ማቋረጥ ነው። ያልተጠቀማችሁባቸው ቀናት ኪራይ ይመለስላችኋል። ለምሳሌ ለ7 ቀን 840 ፓውንድ ከፍላችሁ ቫኑ በሦስተኛው ቀን ማታ ቢቆም፣ የቀሪው 4 ቀን 480 ፓውንድ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡ እንደሚገባችሁ ከተስማማ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት።

ሁለተኛው፣ በድርጅቱ ወጪ እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር መጠየቅ ነው። ይህም ሳይዘገይና ብዙ ሳያጉላላችሁ መፈጸም አለበት። አንዴ ተጠግኖ እንደገና ከተበላሸ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ወይም ቫኑን መመለስ ትችላላችሁ። በዚህኛው መንገድ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የታየ ጉድለት ከመጀመሪያው እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚል ድርጅት ማስረዳት የራሱ ፈንታ ነው።

በብልሽቱ ምክንያት ያወጣችሁትን የማደሪያና የባቡር ወጪም በካሣ መልክ መጠየቅ ይቻላል። ወጪው ግን ምክንያታዊ ይሁን፤ የባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ደረሰኝ አያስኬድም።

ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ፣ ለምሳሌ በናፍጣ ለሚሠራ ቫን ቤንዚን ከሞላችሁ፣ ሒሳቡ የእናንተ ነው። አከራዩ ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ከሆነም ይህ ሕግ አይሠራም፤ ስለዚህ ከማን እንደምትከራዩ አስቀድማችሁ አጣሩ።

የሚፈርመውና የሚከፍለው አንድ ሰው ይሁን

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ነገር በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ የካርዱ ድርጅትም አብሮ ተጠያቂ ነው ይላል። በካርዱ የተከፈለው ቀብዱ ብቻ ቢሆንም ይሠራል። አንዱ ጓደኛ ፈርሞ ሌላው በራሱ ካርድ ከከፈለ ግን ይህ ጥበቃ ሊቀር ይችላል። ዴቢት ካርድም በአንቀጽ 75 አይሸፈንም።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

1. ለአከራዩ ወዲያው ደውሉ፤ የተነጋገራችሁትንም በኢሜይል ወይም በመልእክት ድገሙት። ነርሲንግ ትምህርት ላይ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል እንባላለን፤ እዚህም ያው ነው።
2. ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን መብራት፣ የተጓዛችሁትን ማይልና የቆማችሁበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። መካኒኩ የብልሽቱን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው።
3. አከራዩ ሳይፈቅድ አታስጠግኑ። ከፈቀደም ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን።
4. ገንዘብ በሚመለስበት ቦታ ቫውቸር ቢሰጣችሁ የመቀበል ግዴታ የለባችሁም። «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ በችኮላ አትፈርሙ።

አከራዩ እምቢ ካለ የምትጠይቁትን የገንዘብ መጠንና የመልስ ቀነ ገደብ፣ ለምሳሌ 14 ቀን፣ ጠቅሳችሁ ደብዳቤ ጻፉለት። ካልመለሰ በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ጥያቄ ያለ ጠበቃ በአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ችሎት ማቅረብ ይቻላል። ከዚያ በፊት ሲቲዝንስ አድቫይስን በነፃ አማክሩ።